ስማቸውን ያላከሉ ቢራዎች

አንድ ወዳጄ ከአውሮፓ ሲመለስ ስድስት ጠርሙስ ቢራ ይዞልን መጣ፡፡ ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው፤ ስሙንም ያልሰማ የለም፡፡ ቤቱ ተሰብስበን በየብርጭቋችን ጥቂት ጥቂት ደረሰን፡፡ መጀመሪያ የቀመሰው «ይሄማ ሌላ ነው!» አለ፤ ቀጣዩም ተቀበለው፡፡ እኔም በይሉኝታ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አፍንጫዬን የመታኝ ሽታ የተቃጠለ ጎማ የሚያስታውስ ነበር፡፡ ስመ ጥር የሚባሉ ቢራዎች እንደ ስማቸው የማይሆኑት ለምን እንደሆነ ማጠያየቅና ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፡፡ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከሽታው እንነሳ፡፡ ለጠላና ለጠጅ ጌሾ የሚሠራውን ለቢራ የሚሠራለት ሆፕስ የተባለ ተክል አበባ ነው፡፡ ከሆፕስ የሚገኙት መራራ ንጥረ ነገሮች ብርሃን ሲያገኛቸው፣ ቢራው ውስጥ ባለው ቫይታሚን ቢ2 አጋዥነት ይሰባበሩና ከድኝ ጋር ተዋህደው ኃይለኛ ሽታ ያለው ነገር ይፈጥራሉ፡፡ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ቢራ በስከንክ ስም ይጠሩታል፤ ስከንክ ሲተናኮሉት የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ የአሜሪካ እንስሳ ነው፡፡ የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ ለመለየት ከትሪሊዮን እጅ ጥቂቷ ትበቃዋለች፡፡ በጠራራ ፀሐይ የተቀመጠ ጠርሙስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል፤ የሱቅ መብራትም ጊዜ ይውሰድ እንጂ ያንኑ ይሠራል፡፡

ቡናማ ጠርሙስ ጎጂውን ብርሃን በአብዛኛው ያግዳል፡፡ አረንጓዴው የሚያግደው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ነጩማ ምንም አያግድም ማለት ይቻላል፡፡ ይሁንና በገዢው ዘንድ አረንጓዴ ጠርሙስ የ«ውጭ ቢራ» ምልክት ሆኖ ስለቀረ፣ እንደ ሄኒከንና ቤክስ ያሉት መለያቸው አድርገው ይዘውታል፡፡ የሜክሲኮው ኮሮና በነጭ ጠርሙስ ይሸጣል፡፡ በአንገቱ ሎሚ የመሰካቱ ልማድ ከየት እንደመጣ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ሽታውን ለመሸፈን እንደሚረዳ ግን ቀምሶ ማረጋገጥ ይቻላል፡፡ የሚያስገርመው፣ ብዙ ጠጪ ይህንኑ ብልሽት የውጭ ቢራ ጣዕም አድርጎ መልመዱ ነው፡፡ እንደ ተራ ነገር የምናየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጠርሙስ ደግሞ ቡናማ ነው፡፡

ብርሃን ባይነካውም ጊዜና ሙቀት አሉ፡፡ እንደ ወይን ጠጅ ቢራም ሲቆይ ይጥማል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ ጥቂት ጠንካራ ዓይነቶችን ሳይጨምር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረች ጥቂት ኦክስጅን ቀስ በቀስ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ታመጣለች፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ትፈጥናለች፡፡ በኮንቴይነር ባሕር አቋርጦ ወደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ቢራ፣ ፋብሪካው በር ላይ ስም ያወጣለት ቢራ አይደለም፡፡ የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው፤ ስሙ የወጣው በትውልድ ቦታው በትኩሱ ለተጠጣው ነው፡፡

ፒልስነርን እንውሰድ፡፡ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ የምትገኘው የፕልዘን ከተማ ነዋሪዎች በ1838 በቢራቸው መበላሸት ተማርረው 36 በርሜል ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ደፉት፡፡ ከዚያም አዲስ ፋብሪካ አቋቁመው ዮዜፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ጠማቂ ቀጠሩ፡፡ ግሮል በአካባቢው ለስላሳ ውኃ፣ በሳዝ ሆፕስና ሳይጠቁር በደረቀ ብቅል፣ በብርድ እንዲብላላ አድርጎ በ1842 ወርቃማና ጥርት ያለ ቢራ አወጣ፡፡ ቢራ ማለት ጠቆር ያለና ደፍራሽ በነበረበት ዘመን ይህ ተአምር ነበር፡፡ ስሙ ግን የከተማዋ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ፒልስነር የቢራ ዓይነት እንጂ የአንድ ቦታ ምርት መጠሪያ አይደለም ተብሎ ጀርመን ውስጥ በፍርድ ቤት ተወስኗል፡፡ የምሬት መለኪያ በሆነው አሐድ የፕልዘኑ ኦሪጅናል ወደ 40 ይጠጋል፡፡ ዛሬ በየአህጉሩ በገፍ የሚመረቱት ወርቃማ ላገሮች በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ናቸው፡፡ ከእነዚህ አንዱን ቀምሶ «ፒልስነር ውኃ ነው» የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ የጠጣው ግን ፒልስነር አይደለም፡፡

ስም ብቻውን ሲሰደድ ምን እንደሚሆን ቤክስ ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ የጀርመኗ የብሬመን ከተማ ቢራ ነው፡፡ ከ2012 ጀምሮ ግን ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርበው ሴንት ሉዊስ ውስጥ ይጠመቅ ጀመር፤ ዋጋው ያው ከውጭ የገባ ቢራ ዋጋ ነው፡፡ ሸማቾች «ተታለልን» ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያውም በ2015 ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተስማምቶ ጉዳዩ አለቀ፡፡ እንደ እኔ እምነት በፈቃድ እዚያው መጠመቁ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ባሕር ካቋረጠው ይልቅ ትኩስ ሊሆን ይችላል፡፡ ቅሬታው «ጀርመን» ለሚለው ቃል በተከፈለው ገንዘብ ላይ ነው፡፡ የአውስትራሊያ ቢራ ተብሎ ዓለም የሚያውቀውን ፎስተርስንም አውስትራሊያውያን ራሳቸው እምብዛም አይጠጡትም፡፡ በብሪታንያ ውድነቱ እንደ ክብር ሲተዋወቅለት የኖረው ስቴላ አርቱዋ ደግሞ ቤልጂየም ውስጥ ተራ የዕለት ተዕለት ቢራ ነው፡፡

የጥቁር ቢራ ስም ለየት ይላል፤ የሚወራለት ስለ ጣዕሙ ሳይሆን ስለ ጉልበቱ ነው፡፡ ጊነስ ወፍራም፣ ከባድና ደም የሚሞላ ነው ይባላል፡፡ በድራፍት የሚቀዳው ጊነስ የአልኮል መጠን 4.2 በመቶ ሲሆን፣ የአሜሪካው በድዋይዘር 5 በመቶ ነው፤ በካሎሪም በድዋይዘር ይበልጠዋል፡፡ ጥቁረቱ እንደ ቡና ከተቆላ ገብስ የመጣ ነው፡፡ እንደ ክሬም ምላስ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ከናይትሮጅን ጋዝ ነው፡፡ ደም ይሞላል የሚለው እምነት በ1929 ከተጀመረው የኩባንያው ማስታወቂያ ብዙ ብርታት አግኝቷል፤ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ብረት ግን ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፡፡ ለአፍሪካ ገበያ የሚጠመቀው ፎሪን ኤክስትራ 7.5 በመቶ አልኮል የሚደርስ ሌላ ዓይነት ስለሆነ፣ ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም፡፡ የሐረሩን ሐኪም ስታውት ስሙን አይቶ እንደ መድኃኒት ሲጠጣ የነበረ ጎረቤት ነበረኝ፡፡ ሐኪም ከሐረር ከተማ በላይ የሚታየው ተራራም ስም መሆኑን ብነግረው አልወደደውም፡፡

ህንድ ፔል ኤል ወይም አይፒኤ የሚባለውም ከነታሪኩ ነው የሚሸጠው፡፡ ወደ ህንድ በሚደረገው ረጅም የመርከብ ጉዞ እንዳይበላሽ አልኮሉና ሆፕሱ በዝቶ የተፈለሰፈ ነው ይባላል፡፡ የታሪክ ሰነድ ያገላበጡ ግን ፖርተር የተባለው ጥቁር ቢራም በዚያው ዘመን ያንኑ ጉዞ በደህና ይጨርስ እንደነበር ጽፈዋል፤ አይፒኤም ለዘመኑ ጠንካራ የሚባል አልነበረም፡፡ በዚህ ዘመን ፋሽን የሆነው ደፍራሽ አይፒኤ ደግሞ የሆፕሱ መዓዛ በጥቂት ወራት የሚጠፋ፣ ጉዞ ፈጽሞ የማይስማማው ነው፡፡

ከመነኮሳት ቢራ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ «ትራፒስት» የሚለው ቃል በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ቁጥጥር ለሚጠመቅ የተጠበቀ ነው፡፡ «የገዳም ቢራ» የሚለው ግን እንዲህ አይደለም፤ የገዳም ስም የያዘው ሌፍ የሚጠመቀው ስቴላ በሚጠመቅበት በሉቨን ከተማ ፋብሪካ ነው፡፡ ከትራፒስቶቹ ሁሉ ገናናው የቤልጂየሙ ዌስትቭሌተረን 12 ሲሆን፣ አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው፡፡ በ2005 በኢንተርኔት የዓለም ምርጥ ቢራ ከተባለ በኋላ የገዳሙ ደጃፍ በመኪና ሰልፍ ተጨናነቀ፡፡ መነኮሳቱ ግን ለመኖር የሚበቃንን ያህል እንጂ አንጨምርም ብለው ጸኑ፡፡ ቢራው እውነትም ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን ሴንት ቤርናርዱስ የተባለው ጎረቤት ፋብሪካ ከ1946 እስከ 1992 የገዳሙን ቢራ በፈቃድ ሲጠምቅ ቆይቶ ዛሬም ተቀራራቢውን በራሱ ስም ይሸጣል፤ ያለ ሰልፍና በጣም ባነሰ ዋጋ፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የማጣት ዋጋ ነው፡፡

ወደ ከተማችን ስንመለስ ድራፍት አለ፡፡ ድራፍት ከጠርሙስ ይልቅ ትኩስ ነው የሚለው እምነት ከፋብሪካው ሲወጣ እውነት ነው፤ ጃምቦው ውስጥ እስኪገባ ግን በቱቦ ያልፋል፡፡ ቱቦው ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ በኬሚካል ካልታጠበ ውስጡ ባክቴሪያና እርሾ ይጋገርበታል፤ ቢራውም ቅቤ ቅቤ ወይም ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፡፡ የተከፈተ በርሜልም በአየር ግፊት የሚቀዳ ከሆነ በማግስቱ ያው አይሆንም፡፡ ብርጭቆውንም ይመልከቱ፤ ከጎኑ ተጣብቀው የማይነሱ አረፋዎች ካዩ በደንብ አልታጠበም ማለት ነው፡፡ በጣም ቀዝቅዞ ሲቀርብ ምላስ ስለሚደነዝዝ ይህ ሁሉ አይታወቅም፤ ሁለተኛው ጃምቦ ለብ ሲል ይታወቃል፡፡