የእርዳታ መልእክትና የቁልፍ ስም

በኮምፒዩተር ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ፕሮግራሙ «ይህን ቁልፍ ተጫን» ሲለው አምኖ ይጫናል። የተነገረው ትክክል ካልሆነ ግን የደከመበት ሥራ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አጭሯ የእርዳታ መልእክት እንደ ቀላል ነገር የምትታይ አይደለችም፤ የራሷም ታሪክ አላት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዎርድስታር የትእዛዞቹን ዝርዝር በስክሪኑ የላይኛው ክፍል ያሳይ ነበር። ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ የጣሪያ ቅርጽ ባለው ምልክት (^) ይወክልና ከጎኑ ፊደሉን ያስከትላል። ተጠቃሚው ሥራውን እየለመደ ሲሄድ የእርዳታውን ደረጃ ከ3 እስከ 0 ዝቅ በማድረግ ስክሪኑን ለጽሑፉ ያስለቅቅ ነበር። ዘዴው ጀማሪውንም ባለሙያውንም የሚያገለግል ነው። ሆኖም የቁልፉ ስም በመልእክቱ ውስጥ እንደማይለወጥ ቃል ተጽፎ ሲቀመጥ፣ የቁልፉ ምደባ በተለወጠ ጊዜ መልእክቱ ሐሰት ይሆናል።

ይህ ችግር በተለይ የሚነካው ተጠቃሚው ቁልፎችን እንደ ፈቃዱ እንዲመድብ የሚፈቅደውን ኢማክስን ነው። ኢማክስ በ1976 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሪቻርድ ስቶልማንና በባልደረቦቻቸው ተሠራ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ጂኤንዩ ኢማክስ ተከተለ። በዚህኛው ውስጥ የሚገኘው መፍትሔ እንደሚከተለው ነው። የእርዳታው ጸሐፊ የቁልፉን ስም አይጽፍም፤ የትእዛዙን ስም በልዩ ምልክት ከልሎ ያስቀምጣል። መልእክቱ በሚታይበት ቅጽበት ፕሮግራሙ ትእዛዙ በዚያ ሰዓት የተመደበለትን ቁልፍ ፈልጎ በምልክቱ ቦታ ይተካል። ቁልፍ ያልተመደበለት እንደሆነም ትእዛዙ በስሙ የሚጠራበትን መንገድ ያሳያል።

በዚህ አኳኋን ምደባው በትክክል ተነገረ፤ የስያሜው ጉዳይ ግን ቀረ። ኢማክስ በመልእክቱ ኤም በተባለችው የላቲን ፊደል የሚያመለክተው ሜታ የተባለው ቁልፍ በቀድሞ መሣሪያዎች ላይ የነበረ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ ዘንድ በአብዛኛው አልት ወይም ኢስኬፕ ተክቶታል። ጀማሪው ኤምን አንብቦ ሜታን ቢፈልግ አያገኝም። ሥራው በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ናኖም ትእዛዞቹን በስክሪኑ ግርጌ በሁለት መስመር ዘርዝሮ ጀማሪውን በእጅጉ ቢረዳም፣ እነዚሁኑ የጣሪያና የኤም ምልክቶች ወርሷል።

መሣሪያ ሠርተን መመሪያ ለምንጽፍ መሐንዲሶች ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መመሪያው ከመሣሪያው ከራሱ የወቅቱን ሁኔታ እየጠየቀ ይናገር፤ የሚናገረውም ተጠቃሚው ጣቱን በሚያሳርፍበት ቁልፍ ላይ ተጽፎ በሚያገኘው ስም ይሁን። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ሥራውን ከግማሽ ያደርሰዋል እንጂ አይፈጽመውም።