ጥርጣሬና የእጅ ሙያ

የጥበብ ሥራ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፋለመው «ይህን እችል ይሆን?» ከሚለው ከገዛ ራሱ ድምፅ ጋር ነው። ይህን ድምፅ ድል የሚነሣው ትምህርት መሆኑን የሥነ ጥበባችን ታሪክ ይመሰክራል።

አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ግን ወደ ሥዕል መራቸው፤ በለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ገብተው ሙያውን ቀሰሙ። አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን በአዲስ አበባ አቀረቡ። በዚያ ረክተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የባለ ቀለም መስታወት ሥራን ተማሩ፤ በዚያ ባሉ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመሩ።

የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ሥራ በመጣ ጊዜ እጃቸው ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቁት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑትና የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚተርኩት ሦስት መስኮቶች የዚያ ትዕግሥት ፍሬ ናቸው።

እንግዲህ ጀማሪው ጥርጣሬውን ይጠይቀው፤ ምን እንደጎደለው ይነግረዋል። የጎደለውን ያወቀ ደግሞ የት ሄዶ መማር እንዳለበት አያጣውም።