መደርደሪያችን ላይ ያለው ዛጎል

ባውሽሪዬ ውስጥ አራት አምስት ሆነን በተከራየናቸው ክፍሎች፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ከሥዕሉ ሥር ዛጎል ተደርድሮ ታያላችሁ። የእኔም አለ፤ በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ደርድሬዋለሁ። «ይሄ ደግሞ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ምን ይሠራል?» የምትል አትጠፋም። እኔ ግን ታሪክ አለው ባይ ነኝ።

አገራችን ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ በዛጎል ሲያጌጡ ኖረዋል። የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብሳቸውን፣ ቦረናዎች የወተት ዕቃቸውን ያስጌጡበታል። ያ ትንሹ ነጭ ዛጎል የህንድ ውቅያኖስ ነው። በተለይ ከማልዲቭ ደሴቶች እየተለቀመ፣ በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

የሊባኖሱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ጢሮስና ሲዶና የሚባሉት ከተሞች የዛሬዎቹ ሱርና ሰይዳ ናቸው። ጥንት ፊንቄያውያን እዚያ ሙሬክስ ከሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም ያወጡ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል ፍሪድሌንደር እ.ኤ.አ. በ1909 ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነው። ልብሱን ነገሥታት ለበሱት። ቅርፊቱን እየሰበረ ግማቱን የቻለው ሠራተኛ ግን ስሙ አልተጻፈም። ሰይዳ ውስጥ የተጣለው ቅርፊት ተከምሮ ኮረብታ ሆኗል፤ የዚያ ሁሉ ልፋት ምስክሩ እሱ ነው።

እህቶቼ፣ ይሄ ነገር ከእኛ ይርቃል? እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አደረጋት። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት አላት ይላል። ስንቶቻችን አገኘነው? እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት የምተኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። የማዳምን የብርጭቆ ጌጥ በየቀኑ እወለውላለሁ፤ የራሴ የማስቀምጥበት አንድ ስንዝር ቦታ ግን አልነበረኝም። ዛጎል ለመልቀም የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል፣ ለመደርደር ደግሞ የራስ ጥግ። ቆርቆሮው ላይ ያሉት እነዚያ ሁለቱ በእጄ መግባታቸውን ይናገራሉ።

ስለዚህ የለቀማችሁትን አትጣሉ። በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። ከሥሩም ትንሽ ወረቀት አድርጉ፦ ከየት ባሕር ዳር፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር። ስማችሁንም ጻፉበት። የሰይዳ ኮረብታ የጎደለው እሱ ነው።