የ«ተኝተሽ እረፊ» ምክር ታሪክ

የጡት ካንሰር የታከመች ሴት ቤቷ ስትገባ ከዘመድ አዝማድ የምትሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «እጅሽን አታንሺ፣ ዕቃ አትያዢ፣ ተኝተሽ እረፊ»። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ሳይፈትኑ የተቀባበሉት ፍርሃት ነበር።

ፍርሃቱ መነሻ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጆንስ ሆፕኪንሱ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር አብሮ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ዕጢዎቹ ሲወጡ ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይጠብበታል፤ ክንድም ሊያብጥ ይችላል። «እንቅስቃሴ እብጠቱን ያባብሳል» የሚለው እምነት የተተከለው ከዚህ ነው።

እምነቱን መገዳደር የጀመሩት ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1952 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ይኸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ቴሬዝ ላሰር፣ ሌሎች ታካሚዎችን በየሆስፒታሉ እየጎበኘች ክንዳቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ታስተምር ጀመር። ብዙ ሐኪሞች አልወደዱላትም። በ1969 ግን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራዋን የራሱ አደረገው።

በ1996 ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር የስፖርት ሐኪሙ ዶን ማኬንዚ ከጡት ካንሰር የተረፉ 24 ሴቶችን ጀልባ አስቀዘፈ። አዲስ እብጠት የያዛት አልነበረችም፤ ቀድሞ የነበረባቸውም አልባሰባቸውም። በ2009 የታተመ የካትሪን ሽሚትዝ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በጥንቃቄ ክብደት ማንሳት እብጠቱን እንደማያባብስ አሳየ።

ለስላሳ ዮጋ የመጣው በዚህ በተከፈተ በር ነው። በ2014 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ ሕክምናቸውን የጨረሱ 200 ሴቶችን አጠኑ። ግማሾቹ ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ90 ደቂቃ ዮጋ ሠሩ። ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ሲለኩ፣ ካልሠሩት ይልቅ ድካማቸው ቀንሶ፣ በደማቸው ያለው የብግነት ምልክትም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንሳሳት። ዮጋ ካንሰርን አያድንም፤ ኬሞንም፣ ጨረርንም፣ ቀዶ ሕክምናንም አይተካም። ቁስሏ ያልደረቀ ወይም በሽታው አጥንቷ የገባ ሴት ከሐኪሟ ሳትማከር መጀመር የለባትም። ስሙ ከሃይማኖቷ ጋር የማይሄድላትም የእግር ጉዞና ሰውነት ማፍታታት አላት።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። መድኃኒት ውድ ነው፤ የጨረር ወረፋም ረጅም ነው። ታካሚዋ ወደ ቤቷ ስትሸኝ ክንዷን መቼና እንዴት እንደምታንቀሳቅስ ማሳየት ግን አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ይህም ሊሰጣት ይገባል። ካልነገሯት ደግሞ አብሯት የሄደ ቤተሰብ ሐኪሙን ይጠይቅላት።