ከአንድ ካሴት የተማርኩት፦ ሶል፣ ፈንክና ሂፕ ሆፕ በእኛ ቤት

መቂን ብዙ ሰው የሚያውቃት ሲያልፍባት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሞጆንና ዓለም ጤናን አልፎ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጋሪና ባጃጅ በሚጋፉበት ዋና መንገድ ዳር ቆም ብሎ ቲማቲምና ሽንኩርት ይገዛና ጉዞውን ይቀጥላል። ለእኔ ግን የተወለድኩባት ከተማ ናት። ሙዚቃ መስማት የተማርኩትም እዚያው፣ በአጎቴ ሻይ ቤት ነው።

አጎቴ ከሻይ ቤቷ ባንኮኒ ጀርባ አንድ ቴፕና ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ካሴት ነበራቸው። ከመሀላቸው አንዱን ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀው ነበር። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ነው፤ በደርግ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው ከሸክላና ከሬዲዮ እየለቀሙ የቀዱት። እኔ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቱፓክ ሻኩር በተገደለ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ካሴቱን ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ። ባዶ ካሴት መግዣ አልነበረኝም። የአጎቴን ካሴት አወረድኩ፤ እንዳይጠፋ ተብሎ ጥርሶቹ ተሰብረው ነበርና ቀዳዳዎቹን በተጠቀለለ ወረቀት ደፈንኩና በሁለተኛው ገጽ ላይ ቱፓክን ቀዳሁበት።

አጎቴ ያወቁት በማግስቱ ነው። እንደሚመቱኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ያጠፋሁበትን ገጽ መስማት ጀመሩ። «ኪፕ ያ ሄድ አፕ» የተባለው ዘፈን አዝማች ላይ ሲደርስ ቀና አሉ። «ይህቺን እኔ አውቃታለሁ» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ያንተ ዘፋኝ ሳይወለድ እኛ የሰማናት ናት።»

እውነታቸውን ነበር። ቱፓክ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የዚያ ዘፈን አዝማች የተወሰደው ፋይቭ ስቴርስቴፕስ የተባሉ የቺካጎ ወንድማማቾችና እህት እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጫወቱት «ኦ ቻይልድ» ከተባለ የሶል ዘፈን ነው። በዚያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ የእሳቸው ሙዚቃና የእኔ ሙዚቃ አንድ ቤተሰብ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ያንን ዝምድና እንደኔ ዘግይቶ ለሚያውቅ አንባቢ ነው።

ሶል

ሶል ማለት «ነፍስ» ማለት ነው። ሙዚቃው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተወለደው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር ሲጋባ ነው። ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው «አይ ጋት ኤ ዉማን» የመዝሙርን ዜማና ጩኸት ለሴት ፍቅር አዋለው። በጊዜው ይህ ድፍረት ብዙ ምእመናንን አስቆጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቤቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ቤሪ ጎርዲ እ.ኤ.አ. በ1959 በዲትሮይት የመሠረተው ሞታውን ነው፤ ድምፁ የተሞረደና የተወለወለ ነው። ሁለተኛው የሜምፊሱ ስታክስ ሲሆን ድምፁ ሻካራና ላብ ላብ የሚል ነው። የስታክሱ ኦቲስ ሬዲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሪስፔክት» ብሎ የዘፈነውን ዘፈን አሪታ ፍራንክሊን ከሁለት ዓመት በኋላ ወስዳ የሴቶች መፈክር አደረገችው። ዛሬ ዘፈኑን ያለ አሪታ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የሶል ጠባይ ይኸው ነው፤ ዘፈን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

ፈንክ

ፈንክን ከሶል የሚለየው ምቱ ነው። ጄምስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1965 «ፓፓስ ጋት ኤ ብራንድ ኒው ባግ»ን፣ በ1967 ደግሞ «ኮልድ ስዌት»ን ሲያወጣ ዜማውን ወደ ኋላ ገፍቶ ምቱን ወደ ፊት አመጣው። ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ጥሩምባውም እንደ ከበሮ ይመታሉ። አራት ሲቆጠር ክብደቱ የሚያርፈው «አንድ» ላይ ነው። አንባቢ ሲያዳምጥ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብሎ ቢቆጥር ወዲያውኑ ይገባዋል።

ወደ እኛ እንዴት ገባ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው በወታደር ቤት ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማህሙድ አህመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ የወጡ ናቸው። የአሜሪካው ሸክላ ደግሞ በብዙ በር ገባ። አስመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንና ከውጭ የተመለሱ ተማሪዎችም ሸክላ ይዘው መጥተዋል። የክበብ ባንዶች ሲበዙ አንዱ ባንድ ስሙን ጭምር «ሶል ኤኮስ» አለ። ተሾመ ምትኩ ከዚህ ባንድ ጋር የተጫወታቸው ዘፈኖች እስከ ዛሬ ይሰማሉ።

ሸክላ የማሳተም መብቱ ግን በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ይህን የደፈረው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ከፍቶ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። በተመራማሪዎች ግምት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት በሁሉም አሳታሚዎች የወጡት 500 ያህል ነጠላ ሸክላዎችና 30 የሚሆኑ አልበሞች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ነጠላ ሸክላዎች ያወጣው አምሃ ነው።

ዓለማየሁን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ይሉት ነበር። ስሙ ቢስማማውም ሙሉውን አይናገርም። «ጨሮ አዳሪ ነኝ»ን ያዳመጠ ሰው ጩኸቱ ከጄምስ ብራውን፣ ዜማው ግን ከእኛው ቅኝት መሆኑን ይሰማል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። በፈንክ አራት የሚቆጠረው ምትም በእኛ ችክችካ ሦስት ሦስት ሆኖ ይሄዳል። ሙላቱ አስታጥቄ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት አልበሞችን አውጥቷል። ስለዚህ ግንኙነቱን መኮረጅ ብቻ ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም፤ የእኛ ሰዎች ተበድረው የራሳቸውን ጨምረውበታል።

የአጎቴ ካሴት የመጀመሪያ ገጽ በአሊ ቢራ ይጀምር ነበር። በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ቡድን የወጣው አሊ ኦሮምኛን ከዘመናዊ ባንድ ጋር ካስተዋወቁት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ በሚነገርባት መቂ፣ አሊን ከኦቲስ ሬዲንግ አስከትሎ መስማት ለማንም እንግዳ አልነበረም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ የሌሊት ሕይወት ጨለመ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ። ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ጥራቱ ቢያንስም ማንም በቤቱ የሚቀዳው ነገር ነው። መቂን የመሰለች ከተማ እነዚያን ዘፈኖች የያዘችው ከአውቶቡስ ሾፌር ወደ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደ ሠርግ ቤት በሚተላለፍ ቅጂ ነው።

ሂፕ ሆፕ

ሂፕ ሆፕ የተወለደበት ቀን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 ነው ይባላል። ጃማይካ የተወለደው ዲጄ ኩል ኸርክ በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በሰድጊዊክ ጎዳና በሚገኝ የአፓርታማ ሕንፃ፣ እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሙዚቃ ይከፍት ነበር። ኸርክ ያስተዋለው ነገር ጭፈራው የሚደምቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር መሆኑን ነው። አንዱን ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ ያቺን አጭር ክፍል እያፈራረቀ አስረዘማት። የዘፈኑት ሰዎች ጄምስ ብራውንና መሰሎቹ ነበሩ፤ በላዩ ላይ የተነገረው ግጥም ራፕ ሆነ።

በኋላ ማሽኑ ሲመጣ ከድሮ ሸክላ ቁራጭ እየቆረጡ አዲስ ዘፈን መሥራት ተለመደ። በጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» (እ.ኤ.አ. 1970) ላይ ክላይድ ስተብልፊልድ የመታት የጥቂት ሰከንዶች ከበሮ ቁጥር በሌላቸው የራፕ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። ከበሮ መቺው ግን የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2017 አርፏል። መጋራትና መውሰድ አንድ እንዳልሆኑ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ይኸው መቀስ ወደ እኛም ደርሷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር የአምሃ ሸክላዎች ከኢትዮጵያ ውጭ ጆሮ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ካሊፎርኒያዊው ኦ ኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቁራጮች አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ናስና ዴሚየን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር»ን በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ አነጠፉ። ለአጎቴ ይህንን ሳሰማቸው ሳቁና «እንዲህ ከሆነማ ብድሩ ተመለሰ» አሉ።

ለመጀመር ለሚፈልግ

መስማት ለሚጀምር ሰው የምመክረው ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንዲሰማ ነው። የኦቲስን «ሪስፔክት» ከአሪታ ጋር። «ኮልድ ስዌት»ን ከ«ጨሮ አዳሪ ነኝ» ጋር። «ኦ ቻይልድ»ን ከቱፓክ ጋር። «የግሌ ትዝታ»ን ከናስ ጋር። ከኢትዮፒክስ መካከል አራተኛው የሙላቱ፣ ሰባተኛው የማህሙድ «እሬ መላ መላ»፣ ዘጠነኛው የዓለማየሁ፣ አሥራ ሰባተኛው የጥላሁን ናቸው። ከተቻለ ለብቻ ባይሰማ ይሻላል፤ ዕድሜው ከእናንተ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። እሱ የሚያውቀውን እናንተ አታውቁትም።

በቤታችሁ የቆየ ካሴት ካለ ደግሞ ጊዜው እያለፈ ነው። ከፀሐይና ከሙቀት አርቃችሁ አቁማችሁ አስቀምጡት። ከማጫወታችሁ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኑት። በላዩ እንዳይቀዳበት ከላይ በኩል ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥርሶች መሰበራቸውን እዩ። ከዚያ የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ቅዱት፤ ቅጂውንም ከአንድ ቦታ በላይ አኑሩት።

ይህን ምክር የምሰጠው ከበደሌ ተነስቼ ነው። ባጠፋሁት ገጽ ላይ የነበሩትን ዘፈኖች አንድ በአንድ አግኝቻቸዋለሁ። ብዙ ሰው ስለያዛቸው አልጠፉም። በዘፈኖቹ መሀል ግን የአጎቴ ጓደኛ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፁን አጎርንኖ ቀጣዩን ዘፈን ያስተዋውቅ፣ በመቂ ሰው ላይ ይቀልድ ነበር። ይህ ሰው ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ድምፁ የነበረው በዚያች ካሴት ላይ ብቻ ነው። አጎቴ ለማንም ያልሰጡት ድምፁ የጓደኛቸው ስለነበር ነው፤ አንድ ቅጂ ለሌላ ሰው ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ግን እኔ አላጠፋውም ነበር። ይህንን እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን ወይም ራሳቸውን ለመውቀስ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ሁለተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው ተውኩት። የቱፓክ ካሴት ከአጎቴ ያጠረ ነበርና ያለቀው ከመጨረሻው በፊት ነው። ከዚያ የክር ሹክሹክታ መጣ። ቀጥሎ የሰው ድምፅ፤ «አሁን ደግሞ፣ ክቡራንና ክቡራት...» አለና የአጎቴን ስም ጠርቶ ዘፈን ሊመርጥላቸው ሲል ክሩ አለቀ። አሥር ሰከንድ አይሞላም።

መቂ ወርጄ አሰማኋቸው። ሁለቴ ሰሙት። ከዚያ «ለልጆቹም ስጣቸው» አሉኝ። ያቺ ድምፅ ዛሬ በቤተሰቡ ሰባት ስልኮች ውስጥ አለች።