የቋንጃ ቆራጮቹ ሰይፍ ከየት መጣ?

ከአሶሳ አንሥቶ በመተማ በኩል እስከ ተከዜ ማዶ በሚዘረጋው የምዕራብ ቆላ፣ የስናር ገበያና ሥልጣን ይደርስበት በነበረው አገር፣ ከደጋው ጎራዴና ሾተል የሚለይ፣ ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ይታጠቁ ነበር። የዚህን ሰይፍ መነሻ ለመመርመር ከሁሉ አስቀድመን የምንመዝናቸው ሁለት ምስክሮች አሉን፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስና እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር። ሁለቱም ያዩት አንድ ሥራ ነው፤ ዝሆንን በሰይፍ ቋንጃውን ቆርጦ መጣል። ሁለቱም አዳኞቹን አጋጊር ይሏቸዋል፤ ቃሉም ቋንጃ መቁረጥን ከሚያመለክተው የዐረብኛ ግስ የወጣ ነው።

ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደሯ እመቤት የወይዘሮ አስቴር ልጅ አቶ ክንፉ በሚገዛውና እሱ ‹ቸርኪን› ብሎ በጻፈው ስፍራ አደኑን ተመለከተ። በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ቁጥቋጦ እንዳይዛቸው ራቁታቸውን ናቸው። የፊተኛው አጭር በትር ብቻ ይዞ፣ ስሙንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ አባትህን የገደልሁ እኔ ነኝ እያለ በዝሆኑ ላይ ይፎክራል። የኋለኛው በድንገት ወርዶ ከዝሆኑ ተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ይበጥሳል። ከሰይፉ ስለት ወደ እጀታው ያለው 14 ኢንች ያህል በገመድ የተጠቀለለ ነው።

ቤከር ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1861 እ.ኤ.አ.፣ በሰቲት ወንዝ ዳር ከሐምራን ዐረቦች ጋር ሲያድን ያየው በዚህ አይስማማም። እያንዳንዱ አዳኝ በራሱ ፈረስ ነው፤ አንዱ ዝሆኑን አስቆጥቶ ሲያስከትል ሌሎቹ ከኋላ ደርሰው ይቆርጣሉ። ገመዱም ወደ 9 ኢንች ብቻ ነው፤ ቀኝ እጅ ገመዱን፣ ግራ እጅ እጀታውን ሲጨብጥ ሰይፉ የሁለት እጅ ሰይፍ ይሆናል። አፎቱ በቆዳ ከተለበጠ ቀጭን እንጨት የተሠራ ነው፤ ብረት አፎት ስለቱን ያዶለዱማልና ማንም አይቀበለውም ይላል።

በጊዜውም በስፍራውም የተራራቁ ምስክሮችን አማካይ ወስዶ ማስታረቅ የታሪክ ሥራ አይደለም። ብሩስን ለንደን በብዙ ነገር አላመነችውም ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ግን ቤከር የነገሩን ፍሬ ስላጸናለት፣ ልዩነቱን ከአንዱ ውሸት ይልቅ ለሁለት የአደን ልማዶች መስጠት ይገባል እንላለን።

ይበልጥ የሚያከራክረው የብረቱ ምንጭ ነው። ብሩስ ሰይፉ ከትሪየስተ የሚመጣ፣ ስላቮናውያን የሚይዙትን ዓይነት ነው ይላል፤ ቤከር ደግሞ ምርጦቹ በጀርመን በሶሊንገን ከተማ እንደሚሠሩ ይነግረናል። ትሪየስተ ግን የአድሪያቲክ ወደብ ነው። አንዱ ብረቱ የተጫነበትን ወደብ፣ ሌላው የተቀጠቀጠበትን ከተማ ጠርቶ እንደ ሆነ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ይህ ግምታችን ነው፤ 90 ዓመት ንግድን ለመለወጥ የሚበቃ ጊዜ መሆኑንም አንዘነጋም።

የብረቱ ማኅተም ይፍታው እንዳይባል፣ ማኅተሙ ራሱ የማያስተማምን ምስክር ነው። ፊት ያላት የጨረቃ ግማሽ ጥንድ ጥንድ ሆና በአውሮፓ ስለት ላይ ትቀረጽ ነበር፤ ገዢው ስላመናት የሱዳን ቀጥቃጮችም በራሳቸው ብረት ላይ ቀረጿት። ስለዚህ ጨረቃዋ ሰይፉ የት እንደ ተሠራ ሳይሆን ገዢው ምን ያምን እንደ ነበር ትነግረናለች።

የጽሑፍ መዝገብም እዚህ ላይ ይሳሳል፤ ምክንያቱ ሕጉ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. የወጣው የብራስልስ ውል ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው አፍሪካ እንዳይገባ የከለከለው ጠመንጃን፣ ባሩድንና ጥይትን ነው። ዲፕሎማቶች ጠመንጃውን በሺህ ሲቆጥሩ ሰይፉን የሚከታተልበት ምክንያት ያለው አልነበረም፤ የተከለከለው ነገር የተጻፈለትን ያህል ያልተከለከለው አልተጻፈለትም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ሶሊንገን፣ በኋላም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ ሰይፍ ሠሪ ዊልኪንሰን፣ ለኢትዮጵያ ገዢ የሠሯቸው ስለቶች ላይ ግን የተቀረጸው ጨረቃ አይደለም፤ የይሁዳ አንበሳ ነው።