የደማስቆው ሰይፍና የኮሶው ቅጠል



«የሙስሊም አንጥረኞች ከመቶ ዓመታት በፊት ናኖቴክኖሎጂን ፈጥረው ነበር» የሚል ጽሑፍ በየስልካችን ሲዘዋወር እናያለን። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን የተጋነነ ነው። ታሪክ አማና ነውና ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

ከብረቱ እንጀምር። የደማስቆ ሰይፍ ሲባል ብረቱ ከደማስቆ የወጣ አይደለም። ነጋዴዎች ከደቡብ ህንድና ከስሪላንካ ያመጡት ነበር። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ፈላስፋ አል-ኪንዲ ስለ ሰይፍ ዓይነቶች ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል፤ በዚያም የየመኑንና የሰረንዲቡን፣ ማለትም የስሪላንካውን፣ ለይቶ ይጠቅሳል። የህንድ ብረት አቅላጮች ብረቱን ከእንጨትና ከቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከትተው፣ አፉን በጭቃ ደፍነው በኃይለኛ እሳት ያቀልጡት ነበር። ከሚጨምሩት ቅጠል አንዱ፣ እኛ በቆላ ጦቢያ የምንለውና ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣው ተክል ዘመድ ነው። ቅጠሉና እንጨቱ ሲከስል ካርቦኑ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ብረቱም ይጠነክራል። አንጥረኛው ሲቀጠቅጠው ደግሞ ላዩ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ መስመር ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን የድሬስደን ተመራማሪው ፒተር ፓውፍለርና ባልደረቦቹ፣ አሰድ ኡላህ የተባለ አንጥረኛ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠራውን ሰይፍ ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መረመሩ። በውስጡም የካርቦን ናኖቲዩብ እንዳገኙ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ናኖቲዩብ ውስጡ ባዶ የሆነ እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ ነው። ቅጥነቱ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር አንድ ሜትር ለ1 ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ይህ ቱቦ እንዴት ይበቅላል? ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠራበት መንገድ ይህንን ያስረዳናል። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ስለ ናኖቲዩብ ካሳወቀ በኋላ፣ በ1993 ብረትና ኮባልት እንደ ካታሊስት ሲገቡ ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦዎች እንደሚገኙ ታወቀ። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌላውን ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነው። ናኖሜትሮች ብቻ የምታክል የብረት ቅንጣት በከፍተኛ ሙቀት ካርቦን ያለበት ጋዝ ሲያገኛት፣ ጋዙን ትሰባብርና ካርቦኑን ወደ ራሷ ትወስዳለች። ጠግባ መያዝ ሲያቅታት ካርቦኑን በቱቦ መልክ ታወጣዋለች። የቱቦው ውፍረትም የቅንጣቷን መጠን ይከተላል። ቅንጣቷ ዘር ናት ብንል አንሳሳትም።

የፓውፍለር ቡድን ግምትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በማዕድኑ ውስጥ በጥቂቱ የነበሩ እንደ ቫናዲየም ያሉ ብረታ ብረቶች ካታሊስት ሆነው ካርቦኑን አብቅለውት ይሆናል ብለዋል። ግምት ነው፤ የሰይፉ ዝና የመጣው በቱቦዎቹ ነው የሚለውን ሁሉም ባለሙያ አልተቀበለውም።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፦ አንጥረኞቹ በእጃቸው የሚሠራውን ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አያውቁም ነበር። ይህም ዋጋ አስከፍሏል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙያው እየጠፋ ሄደ። አሜሪካዊው የብረት ሳይንስ ሊቅ ጆን ቨርሆቨን ከአንጥረኛው አልፍሬድ ፔንድሬይ ጋር ባደረገው ሙከራ፣ ያ መስመር እንዲወጣ ጥቂት ቫናዲየም ወይም መሰሉ እንደሚያስፈልግ አሳየ። ተስማሚው ማዕድን ሲቋረጥ፣ ያው እሳትና ያው መዶሻ እያለ ሰይፉ እንደ ቀድሞው አልወጣም ብሎም ያምናል። ምክንያቱን የጻፈው ስላልነበረ መላ የሚፈልግለትም አልተገኘም።

የቅጠልና የብረት ነገር ወደ አገራችንም ይመጣል። በ2020 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣት መሥራታቸውን አሳትመዋል። እዚህ ላይ የቅጠሉ ሥራ ከሰይፉ የተለየ ነው። ቅጠሉ ተፈልቶ ይጠለላል፤ ውሃው መዳብ ካለበት ጨው ጋር ሲቀላቀል በቅጠሉ ያሉ ንጥረ ነገሮች መዳቡን ወደ ቅንጣትነት ይቀይሩታል። ቅንጣቶቹ በባክቴሪያ ላይ በቤተ ሙከራ ተፈትነዋል። ይህ ግን በሰው ላይ የተረጋገጠ መድኃኒት ማለት አይደለም።

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። አያቶቻችን አበባውን ለኮሶ ትል ይጠጡት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ያሉ አገር በቀል ዛፎች እየጠፉ ስለሆነ ነው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን ያቋቋሙት። ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋው ይህ ስፍራ ለብዙዎቻችን የሽርሽርና የፎቶ ቦታ ነው፤ ለኬሚስትሪ ተማሪ ግን ገና ያልተከፈተ መጋዘን ነው።

ማዕከሉ ዛፉን ይጠብቃል። ዛፉ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት ግን በየቤታችን ያሉት አባባና እማማ ናቸው። ወጣቶች ሆይ! በአባቶቻችን ሰይፍ መኩራት ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ የትኛው ቅጠል፣ ከየት፣ በምን ወር ተቆርጦ፣ ለምን እንደሚውል ጠይቀን እንጻፍ፤ ምክንያቱን ደግሞ በትምህርት እንፈልግ። የደማስቆው ሙያ የጎደለው ይህ ነበር።

ወላሁ አዕለም።